አራሱ ቀጀላ

አባቴ የሰፈሩን ሴቶች በሙሉ በአንድ ወር ውስጥ ያስቀየመ ሰው ነው። ይህን ስል እያማሁት አይደለም፤ እየኮራሁበት ነው። ወንድሜ ኦልያድ የተወለደ ጊዜ እናታችንን ልናጣት ተቃርበን ነበር፤ ያላጣናትም አባቴ ቀጀላ ሰው ምን ይለኛል ማለትን እርግፍ አድርጎ ስለተወ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ነግሮኝ! ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ደግሞ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። እኔ የማውቀው፣ አባቴ እናቴን ሊፈታት መሆኑን ነበር።

ቤታችን የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ፣ ኮብልስቶኑም አልቆ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ያለው ሰፈር ነው። አባቴ ከላምበረት መናኸሪያ እየተነሳ ደሴ የሚመላለስ የትልቅ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሲመለስ የደብረ ሲና ቆሎ ያመጣልኛል፤ እኔም ቆሎውን ክፍል ውስጥ እያደልኩ ስለ አውቶቡሱ አወራለሁ። አባቷ አውቶቡስ የሚነዳ ልጅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ኩራቴ ለጉድ ነበር።

እናቴ ሐመልማል ኦልያድን ወልዳ ከጤና ጣቢያ የገባች ሰሞን ግን አባቴ አውቶቡሱን ሀብቶም ለሚባል ሌላ ሹፌር አስረክቦ ቤት ቁጭ አለ። ጠዋት ስነሳ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስም አለ። መቼም ቀን ቀን ቤት የሚውል አባት አይቼ ስለማላውቅ ተባሮ ነው አልኩ። እንዲያውም ያስባረረው ይህ ቀይ፣ ጮሃ የማትጠግብ ጉሮሮ ያለው ሕፃን ነው ብዬ ኦልያድን ጥርስ ነከስኩበት።

ማንም አላባረረውም። ራሱ ባለንብረቱ ዘንድ ሄዶ «ሚስቴ እስክትነሳ ከከተማ አልወጣም» አለ፤ ባለንብረቱም «እንግዲያው መኪናዬ ቆሞ አይጠብቅህም» አለው። ሰውየው አልተሳሳተም፣ አውቶቡስ ቆሞ አይውልም። አባቴ እናቴ ከተነሳች በኋላ ከካራ መገናኛ የሚሠራ ሚኒባስ ያዘ፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ስለ አውቶቡሱ ሲቆጭ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ነኝ የቆጨኝ፣ በቆሎው።

በሰፈራችን አራስ ያለበት ቤት በሩ አይዘጋም። ጎረቤት ገንፎዋን ከድና ትመጣለች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች፣ ቁጭ ተብሎ ይበላል፣ ይሳቃል፣ ሕፃኑ አፍንጫውን ከማን እንደወሰደ ፍርድ ይሰጣል። አባቴ ይህን ሁሉ ከደጅ አስቀረው።

መጀመሪያ የመጡት እማማ የሺመቤት ነበሩ። ከእኛ ጋር አጥር ይጋራሉ፤ ሰፈሩ ውስጥ ሳይጠይቁ የሚያልፉት ጉዳይ የለም። ከኋላቸው ሁለት ሦስት ሴቶች አስከትለው፣ የገንፎውን ሳህን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ቆመዋል። እኔ ከአባቴ እግር ሥር ሆኜ አያለሁ።

«ተኝታለች እማማ» አለ አባቴ በሩን ገርበብ እንዳደረገ።

«ትነሳ እንጂ! ጠያቂ መጥቶ ይተኛል እንዴ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ሰው ማየት አልቻለችም። ገንፎውን እኔ አደርስላታለሁ።»

«እንግዲያው ገንፎዬ ይገባል፣ እኔ እቀራለሁ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው እማማ።»

«ታዲያ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምለው ለማን ነው? ላንተ ልበልህ?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ይበሉኝ» አለ።

ከኋላ የነበሩት ሴቶች ሳቃቸው አመለጣቸው። እማማ የሺመቤት አልሳቁም። «እንኳን ማርያም ማረችህ!» አሉት፣ እርግማን በሚመስል ድምፅ። አባቴም እንደ ደንቡ ጎንበስ ብሎ «ማርያም ታኑርዎ» አለና ሳህኑን ተቀብሎ በሩን ዘጋው።

ስሙ ሳይመሽ ወጣለት፤ አራሱ ቀጀላ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስደርስ ስሙ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀኝ። «አባትሽ ወለደ አሉ! ያጠባል ወይ?» ይሉኛል። እናቴን ለምን እንደሚደብቃት እኔም አልገባኝም። የሰፈሩ ሴቶች ግን ብዙ ምክንያት አግኝተዋል፤ ስስታም ነው፣ ሕፃኑ የሆነ ነገር ጎድሎት ነው፣ ተጣልተው መትቷት ፊቷ አብጦ ነው። ይህን የመጨረሻውን ስሰማ ሮጬ ገብቼ ፊቷን አየሁ። አላበጠም። እንዲያውም ከስቶ ነበር።

ከበሩ ወዲህ የነበረውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ያየሁት ግን ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ክፍሉ ቅቤና የሕፃን ትውከት ይሸታል። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። ኦልያድ ሲያለቅስ አባቴ አንስቶ ከጎኗ ያስተኛዋል፤ ጡቷን ትሰጠዋለች፣ ዓይኗን ግን ከግድግዳው አትነቅልም። ሲጠግብ አባቴ መልሶ ይወስደዋል። አንዳንዴ ሳታስበው እንባዋ ይወርድና የልጁ ጉንጭ ላይ ያርፋል፣ አባቴም ቀስ ብሎ የሁለቱንም ፊት ይጠርጋል። ግድግዳው ላይ ምን እንዳለ ለማወቅ አንድ ቀን እሷ ስትነሳ ጠብቄ ቦታዋ ላይ ተኝቼ አየሁ። ዝናብ የሠራው ቡናማ እድፍ ነበር፣ ሌላ ምንም የለም።

ጠዋት ጠዋት አባቴ የአልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና «ዛሬስ እንዴት ነው ሐመልዬ?» ይላታል።

«ጨለማ ነው» ትለዋለች።

«እሺ» ይላታል፣ እጇን ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

እኔ መስኮቱን አየዋለሁ፤ ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮውን እያንጣጣችው ነው። አንድ ቀን ቢቸግረኝ ተነስቼ መብራቱን አበራሁት። አባቴ አልተቆጣኝም። «ጎሽ፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ኦሮምኛው የሚመጣው ሆዱ ሲባባ መሆኑን አውቅ ስለነበር መብራት በማብራቴ ለምን እንደባባ ግራ ገባኝ።

ሥራውን ሁሉ እሱ ያዘው። ልጁን በማዘያ አዝሎ፣ ሳፋ ፊት ተንበርክኮ የሽንት ጨርቅ ሲያሽ እማማ የሺመቤት በአጥሩ ቀዳዳ አይተው አማተቡ። ገንፎው ይጓጉልበታል፤ አጥሚቱ ያርርበታል። ፀጉሬን ሹሩባ እሠራለሁ ብሎ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ጎን አድርጎ ሰደደኝ፣ ያን ቀን ክፍል ውስጥ የተሳቀው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ ስትበላ ግን ከፊቷ አይነሳም። «አንድ ጉርሻ ብቻ» ይላታል። አንዱን ስትጎርስ «አሁን ደግሞ ለገንፎው ስትይ፣ ለፍቼበታለሁ» ይላታል። አልፎ አልፎ ለገንፎው ስትል ትጎርስለታለች።

ንጋት ላይ ደግሞ በጋቢ ጠቅልሎ ያስነሳታል። ልጁን ለእኔና ለአክስቴ ለሒሩት ትቶ በጓሮ በኩል ይዟት ይወጣል፣ ወደ ባሕር ዛፉ። ሒሩት የእናቴ ታላቅ ናት፤ ከካራ እየመጣች ትውላለች፣ ታድራለች። በዚህ የእግር ጉዞ እንዴት እንደምትበግን!

«አራስ ይዞ ዳገት! ምች ይምታት ብለህ ነው?» ትለዋለች።

«የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ናት ያለችው እትዬ። ትንሽ ትራመድ፣ ፀሐይ ይንካት ብላለች።»

«ሲስተሯ ምች አታውቅም?»

«ምቹንም ነገርኳት። ጋቢ አልብሳት አለችኝ፣ ይኸው አለበስኳት።»

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ጎረቤት ሳይነቃ የሚያወጣት ሰው እንዳያያት ነው፣ ከእኛ ሊያርቃት ነው ብዬ አመንኩ። አሁን አባቴን ስጠይቀው ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ወስዷት ነበር፣ በየሳምንቱም ይወስዳታል። ሲስተሯ ሕመሙ ስም እንዳለው፣ ከወለዱ ሴቶች ብዙዎቹን እንደሚነካ፣ የእናቴ ጥፋት እንዳልሆነ ነገረችው። ትተኛ፣ ትንሽ ትንሽ ትውጣ፣ ብቻዋን አትሁን፣ ስታለቅስ ተይ አትበላት አለችው። አባቴ ይህን እንደ መንገድ ምልክት ይዞ አንድም ሳያጎድል ነዳው። ጠበሉንም አልተወም፤ «ሁለቱም አይጣሉም» ይላል እስካሁን።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስገባ አባቴና ሒሩት ጓሮ ናቸው። እሱ ያጥባል፣ እሷ ቆማለች። ድምፃቸው ዝቅ ስላለ ጆሮዬ ቆመ። ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለልጅ የሚጠቅም ነገር ሲያወሩ ነው።

«ካራ ልውሰዳት ቀጀላ። እዚያ እናታችን አለች።»

«አትሄድም።»

«ያኔም ወስደናት ነው የተረፈችው።»

«ያኔ እኔ አልነበርኩም እትዬ። አሁን አለሁ።»

«ወንድ ልጅ አራስ አይችልም! ራስህን እየው እስቲ፣ አንተ ራስህ የምትታረስ መስለሃል።»

አባቴ ጨርቁን ጨመቀው። «እስከ ክርስትናው ታገሺኝ» አላት። «ካልቻልኩ እኔው ራሴ ካራ አመጣታለሁ።»

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ዓለም፣ እናቷ ተፈታ የሄደችው እንዲሁ ነበር። ዘመድ መጣ፣ በጓሮ ተንሾካሾኩ፣ ሻንጣ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ዓለምን ምሳ የምትቋጥርላት እንጀራ እናቷ ሆነች። እንግዲህ የእኔም ቀን ተቆረጠ ማለት ነው፤ የኦልያድ ክርስትና።

«ያኔም» ያሉት ነገር ምን እንደሆነ ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ አላወቅኩም ነበር። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ባለቤቴ በርናባስ ደግ ሰው ነው፣ ግን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የታክሲ ሰልፍ ይዞ ማታ ነው የሚመለሰው። እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ያለ ምንም ምክንያት ማልቀስ ጀመርኩ። ሳልበላ እውላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የፈለግኩትን ልጅ አግኝቼ ምን ብዬ ልናገር? እናቴ መጥታ አንድ ጊዜ አየችኝና ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። በርናባስ እስኪመጣ ጠብቃ እሱንም አስቀመጠችው።

«አንቺን የወለድኩ ጊዜ» አለችኝ፣ «አባትሽ ደሴ መንገድ ላይ ነበር። ላምበረት በተከራየናት አንዲት ክፍል አንቺን ይዤ ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ቀን ሲመለስ አንቺ አልጋ ላይ ድምፅሽ እስኪዘጋ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ደጅ ዝናብ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ እኮ እያለቀሰች ነው ሲለኝ፣ የማን ልጅ? አልኩት።»

ካራ ወሰዷት። እኔ አያቴ ጋ ነው የቆየሁት፣ ድክ ድክ እስክል ድረስ። እናቴ ቀስ በቀስ ዳነች፤ ስለዚህ ነገር ግን ማንም ተናግሮ አያውቅም። ኦልያድን ስታረግዝ አባቴ ያን ዝናብ ላይ የተቀመጠች ሴት ከዓይኑ ሊያጠፋት አልቻለም ነበር።

«ፈራሁሽ እንጂ ጠልቼሽ አያውቅም» አለችኝ እናቴ፣ እጄን ይዛ። «አየሽ፣ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ሁሉም ሰው መጥቶ ተመስገን በይ፣ ጤነኛ ልጅ አግኝተሽ ይለኝ ነበር። አባትሽ ብቻ ጨለማ ነው ስለው ብርሃን ነው ብሎ አልተከራከረኝም። አብሮኝ ተቀመጠ።» ከዚያ ወደ በርናባስ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ሰማኸኝ?» በርናባስ በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። ለእሷ ያለብኝን ምስጋና የምጽፍበት ቃል ስለሌለኝ እዚህ ላይ ልለፈው።

የኦልያድ ክርስትና ሦስት ቀን ሲቀረው አባቴ የእናቴን ነጠላ አወጣ። የሠርጓ ነጠላ ነው፤ ጥበቡ በእጅ የተሠራ፣ ለጥምቀት ካልሆነ ከሳጥን የማይወጣ። ለቤተ ክርስቲያን ንጹሕ እንዲሆንላት ብሎ ሳፋ ውስጥ ነከረው። ቦታ ለመቆጠብም ይሁን ለጊዜ፣ የእኔን ቀይ የትምህርት ቤት ሹራብ አብሮ ነከረው።

ቅዳሜ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብያለሁ። አባቴ ኦልያድን እንዳዘለ ነጠላውን ከውሃው ሲያወጣው ነጠላው ሮዝ ሆኗል። ግማሽ በግማሽ እንኳ አይደለም፤ ጥለቱ ሳይቀር፣ ከዳር እስከ ዳር። አገላብጦ አየው። መልሶ ነከረው። ቢያወጣው ያው ነው። ቢጨንቀው ገመዱ ላይ አሰጣውና ፊት ለፊቱ ቆመ።

በዚህ መሃል እናቴ ብቻዋን በሩ ላይ ቆማለች። ማንም ሳያስነሳት ወጥታ አይቻት ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«ቀጀላ! ይህ ምንድን ነው?»

አባቴ ዞረ።

«ነጠላዬ ነው? የሠርግ ነጠላዬ ነው እንዴ? ምን አድርገኸው ነው?»

«ሹራቡ... ቀለም ለቀቀ።»

«ከሹራብ ጋር! ነጭ ከቀይ ጋር ይነከራል? አንተ ሰውዬ ዓይን የለህም? ወር ሙሉ ስታጥብ የት ነበርክ? እናቴ የሰጠችኝን!» ጮኸች። አጥሩ ወዲያ ማዶ እማማ የሺመቤት ጉድ ፈላ ብለው ሥራቸውን እንዳቆሙ ታውቆኛል። እናቴ ነጠላውን ከገመዱ መንጭቃ አባቴ ፊት ዘረጋችው፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ድምፅዋ ሰፈሩን ሞልቶ።

አባቴ ሳፋውን ደፍቶ ላዩ ላይ ቁጭ አለ። አረፋ በነካው እጁ ፊቱን ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጀርባው ላይ ያለው ሕፃንም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

አለቀ አልኩ በሆዴ። ተጣሉ፣ አባቴም አለቀሰ፣ የቀረው ሻንጣው ነው። ገብቼ ፌስታል ፈለግኩ። አንድ ቀሚስ፣ የሒሳብ ደብተሬን፣ የተገኘውን አንድ እግር ካልሲ ጨምሬ ወጣሁና እናቴ ጎን ቆምኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

«ካራ። አንቺ ስትሄጂ እኔም እሄዳለሁ።»

«ካራ ማን ይሄዳል?»

«አባዬ ሊፈታሽ ነው። ለእትዬ ሒሩት ሲነግራት ሰምቻለሁ። እስከ ክርስትናው ነው ያላት።»

እናቴ እኔን አየች። ፌስታሉን አየች። ሳፋ ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠውን አባቴን አየች። ከዚያ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ሆዷን ይዛ፣ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። «ይህ ሰውዬ?» አለች። «እንኳን ሚስት ሊፈታ፣ ነጭና ቀይ መለየት አቃተው!»

እጄን ስባ ጉልበቷ መሃል አስገባችኝና አንገቴ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ አሸተተችኝ። ምን ያህል ጊዜ እንዳልነካችኝ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ሆዴ ባባና እኔም አለቀስኩ። ቀና ብላ ፀጉሬን አየችው። «ይህንንስ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ» አለ አባቴ፣ እንባውን እየጠረገ።

«ጉድ ነው! በል ይልቅ ልጄን አምጣልኝ።»

አባቴ ማዘያውን ለመፍታት ሲጣደፍ ቋጠሮው ጠበቀበት። እኔ ሄጄ ፈታሁለት።

ያን ቀን ዳነች ልበል? አልዳነችም። ከዚያም በኋላ ወደ ግድግዳው የዞረችባቸው ቀናት ነበሩ፣ ጤና ጣቢያውም አልተቋረጠም። ግን አባቴ እንደሚለው፣ በነጠላዋ የተናደደች ሴት ነገን የምትፈልግ ሴት ናት። ለምን እንዳለቀሰ የነገረኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ስትሰድበው ከሠርጉ ቀን የበለጠ ደስ ብሎት ነበር።

ለክርስትናው ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጣለ። የተቀየሙት ሴቶች ሁሉ መጡ፤ ክርስትና ተጠርቶ የሚቀር የለም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትገባ የለበሰችው ያንኑ ሮዝ ነጠላ ነበር። ሒሩት ሌላ ላውስሽ ብላ ለምናት እምቢ ብላታለች። እማማ የሺመቤት የነጠላውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡት።

«ይህ ደግሞ የየት አገር ፋሽን ነው ሐመልማል?»

አባቴ የክርስትና አባት የሆነው አባይነህ ጀርባ ሊደበቅ ሞከረ።

«ባሌ ነው ያጠበልኝ» አለች እናቴ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። «ነጠላውንም፣ የልጁንም፣ የኔንም። አራስ ሆኜ አንድ ጨርቅ አልነካሁም።»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እማማ የሺመቤት ነጠላውን ለቀው ጥግ ላይ ወደተቀመጡት ባለቤታቸው ዞሩ፣ ለረጅም ጊዜም አዩዋቸው። «የኔው ሰውዬ እንኳ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሳፋው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።» ያን ጊዜ ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ ሽማግሌውም ሳቁ፣ ምን ያድርጉ።

ኦልያድ መነጫነጭ ሲጀምር እናቴ «ርቦት ነው፣ ስጠኝ» ብላ ከአባይነህ እጅ ተቀበለችው። ሴቶቹ መሃል ገብታ ተቀመጠችና ጡቷን ሰጠችው፣ አንዷ ስለ ልጁ አፍንጫ የምትለውን እየሰማች። አባቴ ትንሽ ቆሞ አያት። ከዚያ ኦልያድ ከተወለደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ መሆኑን ትቶ፣ ከወንዶቹ ጋር ጠላ ሊጠጣ ሄደ።